የሽፍታ መዝገብ

ኃያላን መንግሥታት ለደካማው ዓለም ካደሉት ጸጋ ሁሉ የሚልቀው፣ ማን ሽፍታ ማን ሕጋዊ እንደ ሆነ በመዝገብ አጣርቶ የማወቅ ጥበብ ነው። እኛ ግን ይህ ጥበብ በ1928 ዓ.ም. ከሮማ እስኪመጣልን ድረስ፣ በር ሰብሮ የገባውን ወንበዴ፣ በሩ ላይ ቆሞ የተከላከለውን ደግሞ ባለቤት እያልን በድንቁርና የኖርን ሕዝብ ነበርን።

ሙሶሊኒ ስለ ድንቁርናችን ራርቶ፣ ግንቦት 28 ቀን የተማረኩ ዓመፀኞች ሁሉ በጥይት እንዲደበደቡ አዘዘ፤ ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ በእነርሱና በሚተባበራቸው ሕዝብ ላይ የሽብርና የእልቂት ሥራ እንዲጀመር በኢትዮጵያ ለነበረው እንደራሴው ለግራዚያኒ በቴሌግራም ፈቀደለት። እንግዲህ ሽብርን በጽሑፍ ያዘዘው ሰው ሕግ አስከባሪ፣ ከሽብሩ ሸሽቶ ዱር የገባው ደግሞ አሸባሪ መሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር፣ ጉድለቱ የልቡናው እንጂ የሕጉ አይደለም። በዚሁ ሕግ መሠረት፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ የቡና ጥላ ሥር ለደከመ አርበኛ አንድ ስኒ ቡና የምትቀዳ እናት የዓመፅ ተባባሪ ናትና ሞት ይገባታል፤ የመርዝ ጢስ ከሰማይ የሚያዘንበው አብራሪ ግን የሥልጣኔ ሐዋርያ ነውና ኒሻን ይገባዋል። ካህን እንጂ ጭፍራ ያልነበሩት የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. የተገደሉት በዚሁ ሥርዓት ነው።

የጥበቡ ረቂቅ ምሥጢር የተገለጠው ግን በሎንዶን ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1931 ዓ.ም. የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ስለ ተቀበለ፣ በጊቤ ወዲህና ወዲያ የሚዋጉት ገረሱ ዱኪ የወዳጅ መንግሥት ዓመፀኛ ሆኑ። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ግን፣ እኒያው ገረሱ፣ ንስሐ ሳይገቡ፣ ጠበል ሳይጠመቁ፣ ጠመንጃቸውን እንኳ ሳይለውጡ፣ የተከበሩ አርበኛ ሆነው አደሩ። (ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ ለመዝገብ ሥራ የተመቸ ቀን ነው።) ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅማ ስትያዝ፣ የትናንቶቹ ሽፍቶች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተሰልፈው ነበር፤ ይህን ያየ የጅማ ነጋዴ የቡናውን ዋጋ እንጂ የሰውን ስም ባይመዘግብ አይፈረድበትም።

ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ክሱን ሲያቀርብ፣ የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን የኢጣልያ ጦር አዛዦች የነበሩት ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉበትን የ10 ሰዎች ስም ተቀበለ። በኢትዮጵያ ላይ ስላደረጉት ግን አንዳቸውም ለፍርድ አልቀረቡም። ባዶሊዮ በ1949 ዓ.ም. በተወለደበት መንደር ሞተ፤ መንደሩም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።