«እችው ናት»፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስለሚሠራበት የርቀት ስሌት የቀረበ ጥናት

የዚህ ጥናት መነሻ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ነው። ጥያቄው የአጥኚው ነው፤ «አባቴ፣ ያች ማዶ ቆርቆሮዋ የሚያብለጨልጨው ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ናት?» መልሱ በስማዳ አንድ አፋፍ ላይ በግ ከሚጠብቁ ሽማግሌ የተገኘ ነው፤ «ምን ርቀት አላት ልጄ፤ እችው ናት!» ጥያቄው የቀረበው ረፋድ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ዘንድ የተደረሰው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። በመካከሉ አጥኚው ሁለት ጊዜ ወንዝ ወርዷል፣ ሁለት ጊዜ ዳገት ወጥቷል፣ ሽማግሌውን ደግሞ ስንት ጊዜ እንዳማ አልቆጠረም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሐሜት ማስተባበያ ነው።

የፊዚክስ መምህራን ጀማሪ ተማሪን ሁለት ነገር ለይቶ እንዲያውቅ ያስተምሩታል። ርቀት እግር የረገጠው መንገድ ሁሉ ድምር ነው፤ መጠን እንጂ አቅጣጫ የለውም። ዲስፕሌስመንት ግን ከተነሡበት እስከ ደረሱበት የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ መጠንም አቅጣጫም አለው፣ በመካከል ስላለው ገደል ግን አያገባውም። መጠኑ ከርቀት ያንሳል ወይም ይተካከላል እንጂ ከቶ አይበልጥም። «መፈናቀል» ብለን ልንተረጉመው እንችል ነበር፤ ሆኖም ቃሉ በአገራችን ሌላ ሥራ ስለበዛበት ሸክም ላለመጨመር ትተነዋል።

አሁን ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ሲመልሱ አገጫቸውን ወደ ማዶው ሸንተረር ቀሰር አደረጉ፤ ይህ አቅጣጫ ነው። «እችው» ያሉትን ቃል አሳጥረው ቆረጡት፤ ይህ መጠን ነው። በአካባቢው የመጠን መለኪያው የቃሉ ርዝመት ነውና። «እዚያ ማዶ» ከተባለ ለምሳ ይደረሳል። «እዚያአአ ማዶ» ከተባለ ስንቅ ያስፈልጋል። «እዚያአአአአ» ተብሎ አገጩም ወደ ሰማይ ከቀና፣ መንገድ ላይ የሚያሳድር ዘመድ መኖሩን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ስለዚህ ሽማግሌው የሰጡት መልስ አቅጣጫውም መጠኑም የተሟላ ቬክተር ነው፤ ቃላቸው አልተዛነፈም። አጥኚው ለጉልበቱ ርቀት ጠየቀ፤ እሳቸው ለዓይኑ ዲስፕሌስመንት ሰጡት።

አገሩም ለዚህ ስሌት የተመቸ ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና እስከ በሽሎና ዓባይ ገደል ድረስ ወንዞች መሬቱን ሸንሽነውታል። አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የማዶውን ጎረቤት ጭስ ያያል፤ የውሻውንም ድምፅ ከሌላው ውሻ ይለያል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝና ገደል ስለማይወርድ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ማዶ ላለ ዘመድ መርዶ የሚደርሰው በ3 ሰከንድ ነው። ለቀስተኛው የሚደርሰው ግን ወርዶና ወጥቶ፣ ግማሽ ቀን አልፎት ነው።

የዲስፕሌስመንትን ጭካኔ ደንበኛ አድርጋ የምታውቀው ውሃ ቀጂዋ ናት። ማልዳ ወንዝ ወርዳ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገቱን ወጥታ ቤቷ የገባች ሴት ዲስፕሌስመንቷ ዜሮ ነው። ባሏ «የት ሄደሽ ነው?» ቢላት፣ በሳይንስ ረገድ «የትም» ብትል አልዋሸችም። ዲስፕሌስመንት ያለው ውሃው ነው፤ ውሃውን ደግሞ ወገቡን አያመውም።

ከታሪክ የሚጠቀሰው ትልቁ ማስረጃ በጋይንት በኩል አልፏል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ነው፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት። ካርታ ላይ ማስመሪያ ቢያጋድሙ በሁለቱ መካከል ያለው 150 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ለጉዞው ቀናት ሲካፈል ለአንድ ቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይደርሰውም። ማስመሪያው ግን በጨጨሆ በኩል መንገድ አልጠረገም፤ ድንጋይ አልፈነቀለም፤ መድፍም በጠፍር እየያዘ ቁልቁል አላወረደም። ይህን ሁሉ ያደረገው ሠራዊቱ ነው፤ ንጉሡም ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር።

ዓባይም የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ግሽ ዓባይ ፈልቆ ወደ ሰሜን ጣና ይገባል፤ ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ እስቴንና ስማዳን ከጎጃም እየለየ ይወርዳል፤ ከዚያ ጎጃምን ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ከጣና እስከ ካርቱም 1450 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ቀጥታው ግን 700 አይሞላም።

በዚሁ ወንዝ ላይ የሞጣን ሰው ከእስቴ ወገን የሚያገናኝ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንድ ቅስቱ ፈርሶ ስሙ ስባራ ድልድይ ሆነ። ክፍተቱ ጥቂት ሜትር ነበር። ገበያተኛው ለብዙ ዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ተሻግሯል። ገመዱ ካልረገበ፣ በጥናታችን ርቀትና ዲስፕሌስመንት እኩል ሆነው የተገኙት እዚህ ብቻ ነው፤ በቀጥታ መስመር መጓዝ ምን እንደሚመስልም የታሰረው ሰው ይመስክር። እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያው አካባቢ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶ ይህ ቤተ ሙከራ ተዘጋ።

አጥኚው በማግስቱ ሲመለስ ሽማግሌውን እዚያው አፋፍ ላይ አገኛቸው። «አባቴ፣ እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ሄዱባት?» አላቸው። «እኔማ ምን ላደርግ እወርዳለሁ ልጄ» አሉ፤ «እዚሁ ሆኜ እሳለማት የለ!»

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በእነዚህ ወረዳዎች መንገድ ሲጠይቁ «ሩቅ ነው ወይ?» አይበሉ፤ «በመካከሉ ስንት ወንዝ አለ?» ይበሉ። መልሱ «እችው ናት» ከሆነ ዳቦ ቆሎ ይያዙ።