እልልታ ለሰርተፊኬቱ

አሮጌ አልማዝ የገዛ ሰው ሱቄ ሁለት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ! ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በእጅ የተጠረበ ነው፤ የዘመኑ ድንጋይ እኮ ነፍስ የለውም!» ይላል። ሁለተኛ ሲመጣ ቀለበቱን ኪሱ ከትቶ ወረቀት ዘርግቶ ይገባል። «ቀለሙ ጄ ነው ብለው ሸጡልኝ፤ ላቦራቶሪው ኤም አለው። ምን ይሻለኛል?» ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። በመሀሉ አልታመመም፣ አልወደቀም፣ አልደበዘዘም። ነፍሱ ግን በፖስታ ሲመላለስ የሆነ ቦታ ላይ ወጥታለች።

ዋሽንግተን አካባቢ ሰዓትና ቀለበት እየጠገንኩ ስኖር እንዲህ ያለ ለቅሶ ያልደረስኩበት ወር የለም። ድሮ እናደድ ነበር። አሁን ግን ነገሩን አውጥቼ አውርጄ፣ አሮጌ ድንጋይን በላቦራቶሪ ፊደል የመመዘን ልማድ ሊመሰገን ይገባዋል ከሚል ውሳኔ ላይ ደርሻለሁ። ምስጋናዬም የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ፍትሐዊነቱ ይመስገን። የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠራቢዎች ከሕንድና ከብራዚል፣ ከ1860ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጣውን ድንጋይ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓይናቸው እየመጠኑ ይጠርቡት ነበር። የላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ ጠባብ ነው፤ ትከሻው ከፍ ይላል፤ የታችኛው ጫፍ ሳይሾል ተቆርጦ ስለሚቀር ከላይ ሲያዩት መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለ ይመስላል። ሰዎቹ የሚጨነቁት ከውዱ ድንጋይ ብዙ ሳያባክኑ፣ በሻማና በጋዝ መብራት ሰፋ ሰፋ ያለ ብልጭታ ለማውጣት ነበር። በ1870ዎቹ ቦስተን ውስጥ፣ በሄንሪ ሞርስ የጠረባ ቤት ድንጋይ የሚያከብብ ማሽን ተሠራ። በ1919 ማርሴል ቶልኮውስኪ የማዕዘኖቹን ሒሳብ በመጽሐፍ አወጣ፤ የዛሬው ክብ ጥርብ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። የአሜሪካው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም፣ ጂአይኤ፣ የተመሠረተው በ1931 ሲሆን፣ ከነጩ ዲ ተነሥቶ እስከ ቢጫማው ዜድ የሚወርደውን የቀለም መሰላል ያቆመው በ1953 ነው። እንግዲህ ፈተናው የወጣው ጠራቢው ከተቀበረ በኋላ ነው ማለት ነው። እንዴት ያለ ፍትሕ ነው! ባገራችን «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይባላል። እዚህ ሙት ወቃሹ ክፍያ ተቀብሎ ደረሰኝ ይሰጣል።

የፈተናው አሰጣጥም ቢመሰገን አይበዛበትም። ላቦራቶሪው ቀለበት ላይ እንዳለ ደረጃ አይሰጥም፤ ድንጋዩ ከወርቁ መውጣት አለበት። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ ትንፋሹን ይዞ ያጎበጣቸውን የወርቅ ጥፍሮች እኔ መልሼ አቃናቸዋለሁ። አንዱ ይሰበራል። ባለቤቱ እኔን ያየኛል። ከዚያ ድንጋዩ በፊቱ ተደፍቶ፣ ልኩ በታወቀ ብርሃን ሥር፣ ቀለማቸው ከተረጋገጠ የማነጻጸሪያ ድንጋዮች አጠገብ ይቀመጥና በጎኑ ይታያል። ገዢው የወደደው ፊቱን ነበር፤ ነገሩ ሙሽራን በተረከዟ እንደ መምረጥ ነው። ከፊት ነጭ የመሰለ ድንጋይ ከጎን ሲያዩት ቢጫነቱን ቢያወጣ ደግሞ ምን ይገርማል?

ላቦራቶሪው በዚህ አይወቀስም፤ የተጠየቀውን መለሰ። የሚገርመኝ ጠያቂው ነው። ያ ሁሉ «ነፍስ» የተባለለት ነገር አጠራረቡ ነው፤ ጂአይኤ በ2006 መስጠት የጀመረው የአጠራረብ ደረጃ ደግሞ የተበጀው ለዘመናዊው ክብ ጥርብ እንጂ ለአሮጌው አይደለም። «የድሮ አውሮፓ ጥርብ» ለመባል እንኳ መስፈርት አለ፤ ጠፍጣፋው ገጽ ከ53 በመቶ አይብለጥ፣ የትከሻው ማዕዘን ከ40 ዲግሪ አይነስ እየተባለ ከአራት ነጥብ ሦስቱን ማሟላት ግድ ነው። ሁለቱን ብቻ ያሟላ ድንጋይ የአያቶቹን ስም ተነጥቆ ይመለሳል። ስለ ቀለሙ ፊደል አለ፣ ስለ እንከኑ ፊደልና ቁጥር አለ፣ ስለ ነፍሱ ግን አንዲት መስመር የለችም። ሰውየው ግን ያለቅሳል፤ የሚያለቅሰውም ስለ ፊደሉ ነው።

ሻጩን ሳላመሰግን ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። የአሮጌ አልማዝ ሻጭ ዓይን ከሰው ሁሉ ዓይን የተለየ ነው፤ ሁልጊዜ ሁለትና ሦስት ፊደል ወደ ላይ ያያል። ወደ ታች ሲሳሳት አይቼው አላውቅም። መተዳደሪያው «ገደማ» ናት፤ ቀለሙ አይ ገደማ፣ ጥራቱ ቪኤስ ገደማ፣ ዘመኑ 1890 ገደማ። ገደማ የሌለበት ዋጋው ብቻ ነው፤ እሱ እስከ ሳንቲሙ ይታወቃል። ኬ የሆነው ድንጋይ «ሞቅ ያለ» ይባላል። ኤም የሆነው «የማር ጠብታ» ነው። ኦ ላይ ሲደረስ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ሻምፓኝ ይከፈታል። ወገቡ ላይ ያለው ስብራትም «የታሪክ አሻራ» ነው፤ ታሪክ በመዶሻ ይጽፍ ይመስል።

ይህ ውሸት ነው። ደጋግሞ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሳሳት ሰው አልተሳሳተም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የጌጣጌጥ መመሪያ የድንጋይን ደረጃ አዛብቶ መሸጥን ማታለል ይለዋል። እኔ ከዚህ የከረረ ቃል አለኝ፤ መጽሔት ላይ አይወጣም እንጂ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ክፉ ፊደል የደረሰው ሰው ብልሃት አያጣም። አንዱ ያንኑ ድንጋይ ለዚያው ላቦራቶሪ መልሶ ይልካል፤ መርማሪው በሁለተኛው ቀን ቁርሱን በልቶ ይሆናል በሚል ተስፋ። ሌላው እጁ ለስለስ ያለ ነው ወደሚባል ሌላ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ከእጮኛው ጋር በሻማ ብቻ እራት መብላት የጀመረ አለ፤ የመብራት ሒሳቡ ቀንሶለታል። የአያቱን ቀለበት ያስመዘነም አለ፤ አያቱን በሁለት ፊደል ዝቅ አድርጎ ነው አሁን የሚያስታውሳቸው። ልበ ሙሉው ግን ድንጋዩን እንደገና ያስጠርበዋል።

ይህ መንገድ ቤተ መንግሥትም የሄደበት ነው። እንግሊዞች በ1849 ከፑንጃቡ ልጅ ንጉሥ ከዱሊፕ ሲንግ የወሰዱት ኮሂኑር የተባለው አልማዝ፣ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ሲታይ ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ። እንደ ተወራለት አልበራም። በ1852 የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት የአምስተርዳም ጠራቢዎች አስመጥቶ አስጠረበው። ሥራው 38 ቀን ፈጀ፤ 8,000 ፓውንድ ወጣበት፤ ከ40 በመቶ በላይ ክብደቱ በርሮ 105.6 ካራት ቀረ። አልበርት ያኔም አልተደሰተም ይባላል። በእኛ ዘመን ደግሞ የባቫሪያ ነገሥታት የነበረው ሰማያዊው ቪተልስባክ አለ። በ2008 ለንደን ላይ በ16.4 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ 35.56 ካራት ይመዝን ነበር። ገዢው ሎረንስ ግራፍ አስጠርቦ 31.06 ካራት አደረገው። ጂአይኤም የቀለሙን ስያሜ ከ«ጥልቅ ግራጫማ ሰማያዊ» ወደ «ጥልቅ ሰማያዊ» ከፍ አደረገለት፤ የጥራት ደረጃውም ከቪኤስ 2 ተነሥቶ ውስጡ እንከን የለሽ እስከ መባል ወጣ። አራት ካራት ተኩል ታሪክ አቧራ ሆነ፤ ወረቀቱ ግን አማረ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች፣ ያለው ሰው ሰርተፊኬት አላየም።

እኔ የምጠይቀው፣ ለምን እዚህ ይቆማል? ነው። እንከኑ ያለው ድንጋዩ ውስጥ ነው፤ ድንጋዩ ባነሰ ቁጥር እንከኑም ያንሳል። ቢጫነቱም እንደዚያው። ለአንድ ፊደል ግማሽ ካራት፣ ለሚቀጥለው ሌላ ግማሽ ካራት እየተሸረፈ ሲሄድ፣ መጨረሻ ላይ ክብደቱ ዜሮ፣ ቀለሙ ዲ፣ ጥራቱ ፍጹም የሆነ አልማዝ ይገኛል። ያኔ በእጃችን የሚቀረው ወረቀቱ ነው፤ ድሮም የተፈለገው እሱ ነበር።

ስለዚህ እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚደገስ አንድ ሠርግ ይታየኛል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይገባሉ። የልጁን ዘር ማንዘር መቁጠር ቀርቶ፣ በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ተነሥተው የሪፖርቱን ቁጥር በቃላቸው ይወጡታል። የልጅቷ አባት «መክረን እንመለስ፤ ቁጥሩንም በስልክ እናጣራ» ብለው ቀጠሮ ይሰጣሉ። በቀጠሮው ቀን ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ ልጅቷም ትፈቀዳለች። በሠርጉ ዕለት ሙሽራው በፕላስቲክ የተለበጠውን ሰርተፊኬት ስምንት ቦታ አጣጥፎ በሙሽሪት ጣት ላይ ይጠመጥማል፤ አልይዝ ስለሚለው ሚዜው ላስቲክ ያቀብላል። አዳራሽ ውስጥ የመድረክ መሪው ድምፅ ማጉያውን ይዞ ያነባል። «ቀለም፣ ዲ!» ሲል እናቶች እልል ይላሉ። «ጥራት፣ እንከን የለሽ!» ሲል ወጣቱ እስክስታውን ያወርደዋል። «ክብደት፣ 0.00 ካራት!» ሲል አንዲት አክስት ብቻ አጠገባቸው ያለችውን ሴት በክርናቸው ጎሸም ያደርጓታል፤ ግን የሠርግ ቀን ነውና ዝም ይሰኛሉ።

ነገር የሚበላሸው በመልሱ ዕለት ነው። ሙሽሪት ስትጎርስ የሰርተፊኬቱ ጠርዝ ወጥ ይነካዋል። አማትየው ወዲያው ከቦርሳቸው አጉሊ መነጽር አውጥተው «ይሄ ወረቀት ቢጫ ብሏል» ይላሉ። ሙሽራው ይምላል፣ ይገዘታል፤ ቢጫ አይደለም፣ ሞቅ ያለ ነው። አማት አይሰሙም። ወረቀቱ ከጣት ወልቆ የወረቀት ቀለም ወደሚመረምር ላቦራቶሪ ይላካል፤ እዚያም በፊቱ ተደፍቶ ከማነጻጸሪያ ወረቀቶች አጠገብ ይታያል። ሁለቱም ቤተሰብ ጾም ይገባል። ውሎ አድሮ ስለ ወረቀቱ የተጻፈ ወረቀት ይመጣል። ቀለም፣ ኤም። እንከን፣ ሁለት የወጥ ነጥብ፣ አንደኛው ያለ መነጽር የሚታይ። አስተጣጠፍ፣ ደረጃ አይሰጠውም። ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል፤ ጎረቤት ንፍሮ ያመጣል። በመጨረሻ አንድ ብልህ አጎት «ጠርዙን በመቀስ ብናስተካክለውስ?» ይላሉ። ይስተካከላል። ትንሽ ቢጫ ይቀራል፤ እሱም ይቆረጣል። ሰርተፊኬቱ ቴምብር አክሎ፣ ቀጥሎም ምስር አክሎ ይጠፋል። ስለ እሱ የተጻፈው ሁለተኛው ወረቀት ግን አዲስ ነው፣ ነጭ ነው፤ ሙሽሪት እሱን ጣቷ ላይ አስራ በደስታ ትኖራለች። ልጆቻቸው ውርስ ሲካፈሉ ጠበቃ ያቆሙለታል።

ሽሙጡ ይብቃ። ፊደሉ የውበት ስም አይደለም፤ የገበያ መሣሪያ ነው። ጂአይኤ ወረቀቱ ላይ ዋጋ አይጽፍም፤ ገበያው ግን በፊደሉ ይተምናል። ስለዚህ ፊደሉን ለዋጋ ተጠቀምበት፣ ከዚያ ተወው። የታወቀ ላቦራቶሪ ወረቀት የሌለውን ድንጋይ ሻጩ በጠራልህ ፊደል አትክፈልበት፤ ሦስት ፊደል ዝቅ ብሎ ቢመጣ የማይቆጭህን ዋጋ ክፈል። መመለስ እንደምትችል በጽሑፍ አስፈርም፤ ጊዜውም ላቦራቶሪው መልስ እስኪሰጥ የሚበቃ ይሁን። ሻጩ ለዚህ እምቢ ካለ የጠራልህን ፊደል እሱ ራሱ አላመነበትም። ቀለሙን ከሱቁ መብራት አውጥተህ በቀን ብርሃን፣ ጣትህ ላይ አድርገህ፣ ክንድህን ዘርግተህ እየው፤ አብረኸው የምትኖረው እንደዚያ ሆኖ ነው። ወገቡ ላይ ስብራት ካለ ከመግዛትህ በፊት ባለሙያ ይየው፤ የወርቅ ጥፍር ሲጫነው ሊብስበት ይችላል።

ውጤቱ ዝቅ ብሎ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። የጄ ዋጋ ከፍለህ ኤም ከደረሰህ ተታልለሃል፤ ለቅሶውን ትተህ ገንዘብህን አስመልስ። የኤም ዋጋ ከፍለህ ኤም ከደረሰህ የከፈልክበትን አግኝተሃል፤ የምታስመልሰውም የምታለቅስበትም ነገር የለህም። ከዚህ ሁሉ በኋላም ፊደሉ እንቅልፍ የሚነሳህ ከሆነ አሮጌ አልማዝ ያንተ ዕቃ አይደለም። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣ፣ ነጭ፣ እንከን የለሽ አልማዝ በርካሽ ይገኛል። እሱን ግዛ፤ ወረቀቱ በጣም ያምራል።