የስንጥር ጥናት

ጥርጣሬ ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ፈረንሳዊው ዴካርት ነው። በ1641 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰም እሳት አጠገብ ሲቀልጥ ቀለሙም ሽታውም ቅርጹም እንደሚለወጥ አይቶ፣ ነገርን በዓይንና በእጅ ብቻ ማወቅ አይቻልም ብሎ ደመደመ። ለመስቀል ሰሞን እምድብር ገበያ ብቅ ቢል ኖሮ ሐሳቡን ባሻሻለ ነበር።

እዚያ የክትፎው ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ ይቀርባል። ገዢዎቹን በሦስት መድበናቸዋል።

የመጀመሪያዋ ጠርጣሪ እናት ናቸው። ነጋዴዋን ሰላም ብለው፣ የልጆቿን ደኅንነት ጠይቀው፣ ስንጥራቸውን ከቅቤው መሀል ይሰኩታል። ዳር ዳሩን አይነኩም፤ ለማጭበርበር የሚጨመረው ሙዝ የሚደበቀው መሀል ነውና። ነቅለው ያሸታሉ፣ ጥቂቱን እጃቸው ጀርባ ላይ ያሻሉ። ደህና ቅቤ በገላ ሙቀት ይቀልጣል፤ የረጋ የፋብሪካ ዘይት ግን ያንገራግራል። ከቀለጠ በዋጋ ተከራክረው ይገዛሉ። ነጋዴዋም አትቀየምም። ተረቱ ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር ይላል፤ እምድብር ላይ ስንጥሩ ያለው በጠርጣሪዋ እጅ ነው።

ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ለበዓል የገባው ዘመድ ነው። «ንጹሕ ነው?» ይላል፤ «አዎ፣ የኔ ጌታ» ሲባል ይከፍላል። ስለ እሱ ብዙ የሚጻፍ የለም።

ጥናቱን ያስቸገረው ሦስተኛው ነው። «ዛሬ ንጹሕ ቅቤ የት አለና! ሁሉም ሙዝ ነው» እያለ ገበያውን ይዞራል። ሰው ጠርጣሪ ይለዋል፤ እኛ ግን ከተላላው ጎን አስቀምጠነዋል፤ እሱም እንደዚያኛው አንዲት ስንጥር አልሰካማ። ማታ «ሎተሪ ደርሶዎታል» ብሎ ለደወለ ለማያውቀው ሰው የሞባይል ካርድ ቁጥር ሲያነብ የሚገኘውም እሱ ነው።

ተላላነት በገበያተኛ ብቻ አይወሰንም። በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ «ወርቅ የተቀባ ብረት ነው» ተብሎ ተመለሰለት። ወርቁን መመርመር ሥራቸው የነበረ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ታሰሩ፤ ባንኩም በግምጃ ቤቱ ያለውን ወርቅ በሙሉ እንዲያስፈትሽ ታዘዘ። ብረቱ ያን ሁሉ በር ያለፈው ከእምድብሯ እናት ፊት ስላልቀረበ ነው የሚል ግምት አለን።

ለመስቀል ቅቤ የምትገዙ አንባቢያን፣ ስንጥራችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ከነጋዴዋ መዋስ አይመከርም፤ የት መሰካት እንዳለበትም አብራ ታሳያችኋለች።