የአርዲያዋ የባሕር ዳር ተጓዥ፦ ጠባይዋ፣ ማደሪያዋና ፎቶግራፏ

ሻንጣውን አዝሎ ብቻውን የባሕር ዳርቻ እየተከተለ ስለሚሄድ፣ ሲመሽም በርካሽ የጋራ ማደሪያ ስለሚያድር መንገደኛ ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ሁሉ ግን አንድን ዝርያ ብቻ የሚመለከት ነው፤ ጢሙን ያሳደገ፣ ሥራውን የለቀቀ፣ «ራሴን ልፈልግ» ብሎ የወጣ ወጣት። ከኩዌት ከተማ ደቡብ ምዕራብ፣ በፈርዋኒያ አውራጃ፣ አርዲያ በሚባለው ሰፈር የሚገኘው ሁለተኛው ዝርያ እስካሁን አጥኚ ሳያገኝ ቀርቷል። ይህኛው ሴት ናት። ከወሎ፣ ከአርሲ ወይም ከጅማ ትነሳለች። ሥራ አልለቀቀችም። ራሷንም አትፈልግም፤ የት እንዳለች አሳምራ ታውቃለችና። የሚፈልጓት ሌሎች ናቸው፣ በተለይ ሕፃኑ ሲያለቅስ።

ከማደሪያው እንጀምር። በዓለም የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ እ.ኤ.አ. በ1912 በጀርመን አገር፣ አልቴና በምትባል ከተማ ግንብ ውስጥ ተከፈተ፤ ሐሳቡን ያመጣው ሪቻርድ ሺርማን የተባለ የትምህርት ቤት መምህር ነው። የጥንቶቹ ማደሪያዎች ደንባቸው የጠበቀ ነበር። መግቢያ ሰዓት አለ። እንግዳው የድርሻውን ጠርጎና አጥቦ ነው የሚሄደው። አስተዳዳሪውን «የማደሪያው አባት»፣ ሚስቱን «የማደሪያው እናት» ይሏቸዋል። አውሮፓውያን ይህን ደንብ ከጊዜ በኋላ አላሉት። አርዲያ ላይ ግን ሳይበረዝ ይገኛል። ባባና ማማ የምትላቸው አሠሪዎቿ አሉ፣ መግቢያ ሰዓት አለ። ማጠቡም አለ፤ እንዲያውም ተሻሽሏል፤ እንግዳዋ የራሷን ሳህን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን ሁሉ ታጥባለች፣ ከዚያ ምንጣፉን፣ ከዚያ ግቢውን፣ ከዚያ ከጎረቤት የመጡትን እንግዶች ሳህን። የመምህር ሺርማንን አደራ እንዲህ የጠበቀ ሌላ ሰፈር አጥኚው አያውቅም።

መኝታው ከወጥ ቤቱ ጎን፣ ከደረጃው ሥር ወይም ሰገነት ላይ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነው። የጋራ ማደሪያ ትልቁ ጸጋ ከልዩ ልዩ አገር ሰው ጋር መተዋወቅ እንደሆነ ይነገራል። ትልቅ ቤት ከሆነ ይህም አይጓደልም፤ አንዲት ፊሊፒናዊት፣ አንዲት ስሪላንካዊትና አንዲት ኢትዮጵያዊት በሰባራ ዓረብኛ ሌሊቱን ይወያያሉ። ርዕሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የማማ ጠባይ።

ቦታ የሚያዘው በመክተብ፣ ማለትም በሠራተኛ አስቀጣሪ ቢሮ በኩል ሲሆን፣ ኮንትራቱ በተለምዶ የሁለት ዓመት ነው። ሌላ ቦታ እንግዳ ስላደረበት ቤት አስተያየት ይጽፋል፣ ኮከብ ይሰጣል። እዚህ አስተያየት ሰጪው ቤቱ ነው፤ መክተቡ በሚሰጠው የዋስትና ወራት እንግዳዋ ካልተስማማችው ወደ መክተብ ይመልሳትና ሌላ ያስቀይራል። ስለ ፓስፖርትም እንነጋገር። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68/2015፣ አሠሪ የሠራተኛዋን ፓስፖርት መያዝ እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ ፓስፖርቷ በማማ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሲገኝ ተይዞ ሳይሆን «እንዳይጠፋ ተቀምጦ» ነው። ያው ሕግ ሥራው በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥና በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 60 ዲናር ሆነ። ዲናር ከዓለም ገንዘብ ሁሉ ምንዛሬው ከፍ ያለ ስለሆነ ቁጥሩ ኩዌት ላይ ያንሳል፣ አገር ቤት ሲደርስ ያብጣል። የአጎት ልጅ ባጃጅ የሚታሰበው በዚህ እብጠት ላይ ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ። ኩዌት ደሴቶቿን ጨምሮ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የባሕር ጠረፍ አላት። አርዲያ ግን ከአራተኛው ቀለበት መንገድ ወዲያ ናትና ባሕር አይታያትም። ተጓዧ ወደ ውሃው የምትደርስባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው የሻሌ መንገድ ነው። አቅም ያለው የኩዌት ቤተሰብ በስተደቡብ፣ ከከተማው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ሳዑዲ ድንበር በተጠጋው ኸይራን ወይም በዚያ መስመር የባሕር ዳር ቤት ይኖረዋል፤ አርብና ቅዳሜ ተጠቃሎ ወደዚያ ይወርዳል። ተጓዧ ከኋላ ወንበር፣ በበረዶው ሣጥንና በሕፃኑ መቀመጫ መካከል ትሰየማለች። መኪናው ውስጥ ሰባት ሰው ቢኖርም በጉዞ ሳይንስ መመዘኛ ብቸኛ ተጓዥ ናት፤ ከሰባቱ የሚያናግራት ውሃ የጠማው ብቻ ነው። የዳርቻውን አሸዋ ጠባይ ከማንም በላይ ታውቃለች፣ ከምንጣፍ ላይ የምታራግፈው እሷ ናትና። መጓጓዣም፣ ምግብም፣ መኝታም አትከፍልም። በሌላ አገር ይህን ያገኘ መንገደኛ መጽሐፍ ይጽፍበት ነበር።

ሁለተኛው የአርብ መንገድ ነው፤ ዕረፍቱን ያዘዘው ሕግ ቤቷ ድረስ የደረሰላት ብቻ ትሄድበታለች። ያልደረሰላት አርብን የምታውቀው ቤቱ በእንግዳ ስለሚሞላ ነው።

የአርብ ተጓዥ ሻንጣ የጀምዒያ፣ ማለትም የሰፈሩ ኅብረት ሱቅ ፌስታል ነው። ነጠላ፣ ቅያሪ ጫማ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ለጓደኛ የተቋጠረ በርበሬና ከማማ የተረፈ ሽቶ ይይዛል። ከላይ ዓባያ፣ ከሥር የፎቶው ልብስ ይለበሳል። አውቶቡስ ተይዞ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ ክፍሉ ነው። ክፍሉ ማለት አምስት ስድስት ሴቶች አዋጥተው ፈርዋኒያ፣ ኸይጣን ወይም ሐወሊ የሚከራዩት ነው፤ ጥናቱም ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ማደሪያ አላጋጠመውም፣ ማንም አያድርበትምና። ኪራዩ የወር፣ አገልግሎቱ አራት አርብ ነው። የኢኮኖሚ ሰዎች ይህን ብክነት ይሉት ይሆናል። ክፍሉ ውስጥ ግን በር ከውስጥ ይቆለፋል፤ ሹሩባ ይሠራል፤ በዱቄት ብልሃት የተጋገረ እንጀራ ይቀርባል፤ ቡናው ሦስተኛው ድረስ ይጠጣል። ከሁሉ የሚበልጠው መስህብ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይጠራት፣ እግርን ዘርግቶ መተኛት ነው። ስለዚህ መስህብ በየትኛውም የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈ የለም።

እዚህ ላይ የነገረ መለኮት ጥያቄ ይነሳል። በኩዌት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሳምንቱ ዕረፍት አርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ክርስቲያኑም የሳምንቱን ትልቅ ጸሎት የሚያደርሰው አርብ ነው። አርብ ግን ጾም ነው። ስለዚህ የኦርቶዶክሷ ተጓዥ በሳምንት አንዴ ከጓደኞቿ ጋር ማዕድ ስትቆርስ፣ ማዕዱ ሁልጊዜ ሽሮ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ጾም የሌለባቸው 50 ቀናት ባይኖሩ ዶሮ ወጥን በስም ብቻ ታውቀው ነበር። የወሎዋ ሙስሊም ጓደኛዋ በበኩሏ ሥጋውን በሌላ ድስት ትሠራለች፤ ሽታውን ግን ለሁለት መክፈል አልተቻለም።

ስለ ወቅቱ ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ሚትሪባ በተባለው የኩዌት በረሃ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለው ሙቀት ምክንያት ከጁን እስከ ኦገስት መጨረሻ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሜዳ ላይ መሥራት ክልክል ነው። ወጥ ቤት ጣሪያ ስላለው ክልከላው አይመለከተውም።

ፀሐይ ስትበርድ ተጓዦቹ ከክፍሉ ወጥተው ወደ ዓረብ ባሕረ ሰላጤ ጎዳና ይሄዳሉ። እግራቸው የሚቆመው የኩዌት ማማዎች ሥር ነው። ማማዎቹ ሦስት ናቸው፤ ረጅሙ 187 ሜትር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1979 ተመርቀዋል። ሁለቱ በመሠረቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ናቸው። አገር ቤት የውሃ ታንከር ሥር ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው የለም፤ የመሐንዲስን ጥቅም እዚህ ላይ ማየት ይቻላል። ፎቶው ደንብ አለው፦ ዓባያው ይወልቃል፣ መነጽር ከጓደኛ ይዋሳል፣ ባሕሩ በግራ ይሆናል፣ ፌስታሉ ከክፈፉ ውጭ ይቀመጣል። መግቢያ ሰዓት ሳይደርስ ፎቶው በስልክ መተግበሪያው በኢሞ አገር ቤት ይገባል።

ምሁራዊ ውዝግቡ የሚጀምረው እዚህ ነው። በአንደኛው ጎራ፣ ማለትም በወንድሟ አስተያየት፣ ፎቶው «ዓለሟን እየቀጨች» ለመሆኗ በቂ ማስረጃ ነው፤ ባሕር አለ፣ መነጽር አለ፣ ሕንፃ አለ። ስለዚህ ቆርቆሮ መግዣ ይጠየቃል። አክስት ደግሞ ፎቶውን አጉልታ ተመልክታ «ወፍራለች» የሚል ግኝት ታክላለች፤ ጥያቄውም ወደ ሠርግ መዋጮ ይሰፋል። ኩዌትና ኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ላይ ስለሆኑ የሰዓት ልዩነት ሰበብ አይሆንም። እንዲያውም ደዋዮች አርብ ከሰዓትን የሚመርጡት ያን ጊዜ ስልኳ ክፍት መሆኑን አጥንተው ነው። ከላይ የተገለጸው የቀን እንቅልፍ የሚቋረጠውም አብዛኛውን ጊዜ በማማ ጥሪ ሳይሆን በዚህ ነው። ሕግ ቁጥር 68/2015 አሠሪን እንጂ ዘመድን አይገዛም።

ስለዚህ አጥኚው አንባቢን አንድ ነገር ይለምናል። የአርብ ፎቶ ሲደርስዎ «አምሮብሻል» ብለው ይጻፉና ስልክዎን ያስቀምጡ። ስለ ቆርቆሮው ቅዳሜ ይደውሉ፤ ሥራ ላይ ስለምትሆን አታነሳም።