ገና ባልተሠራ ቤት ስለ መኖር

የአዲስ አበባ የሪል ስቴት መንደር ከሌላው የሰው ልጅ መንደር ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል፤ ነዋሪዎቹ ቤቶቹን ይቀድማሉ። በሌላው ሰፈር መጀመሪያ ቤት ተሠራ፣ ከዚያ ጎረቤት መጣ፣ ከዚያ በአጥር ወሰን ጠብ ተነሣ፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ እድር ተቋቋመ። በዚህኛው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ጠቡ ይቀድማል፤ ከጠቡ ጉርብትና ይወለዳል፤ ከጉርብትናው እድር ይመጣል፤ ቤቱ የሚመጣ እንደሆነ ኋላ ይመጣል። የዚህ ጥናት ዓላማ ይህን ግልባጭ በሥርዓት መርምሮ ለትውልድ ማስተላለፍ ነው። ናሙናችን አጎት፣ አክስት፣ የሥራ ባልደረባ፣ እንዲሁም ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ ማንኛውም ሰው ነው። መጠይቅ ማዘጋጀት አላስፈለገም። «ቤቱ እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ሲሆን፣ መልሱ እስከ ንፍሮው ድረስ ይዘልቃል።

የጥናት ወግ ነውና ከታሪክ እንጀምር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ማስተር ፕላኗ የጦር ሰፈር አቀማመጥ ነበር፤ ንጉሡ ከመሐል፣ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው ዙሪያውን። ደጃች ውቤ ሰፈርም ሆነ ሠራተኛ ሰፈር የተጠሩት በውስጣቸው በነበረው ሰው ነው። የዛሬዎቹ መንደሮች የሚጠሩት በውስጣቸው በሌለው ነገር ሆኗል፤ ፓርክ፣ ገነት፣ አድማስ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለመኖሪያ የሚያዘው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ዛሬ በዚያችው 500 ካሬ ላይ ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ ይቆምና «ሰፊ ግቢ ያለው» ተብሎ ይሸጣል። ቀጥሎ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ የ1997 ዓ.ም. ተመዝጋቢ፣ የ2005 ዓ.ም. ተመዝጋቢ፣ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እየተባለ ሕዝቡ በክፍልፋይ ሒሳብ ተመደበ። ኮንዶሚኒየም ግን አንድ አድሏዊ አሠራር ነበረበት፤ ዕጣ የወጣለት ይገባል፣ ያልወጣለት ይጠብቃል። ሪል ስቴት ይህን ልዩነት አስወግዶ ለሁሉም እኩል የመጠበቅ መብት ሰጠ።

እዚህ ላይ የጥናቱ ዋና ጥያቄ ይነሣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ለመኖሪያ በሊዝ የሚሰጠው ለ99 ዓመት ነው። ስለዚህ ገዥው መሬት አልገዛም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2876 ገና ያልተሠራ ቤት ለማስረከብ የሚገባ ውል የሽያጭ ሳይሆን የሥራ ውል ነው ይላል። ስለዚህ ቤትም አልገዛም። መሬት ያልገዛ፣ ቤትም ያልገዛ ሰው «ቤት ገዥ» ተብሎ ሲጠራ ሳይንስ ዝም ማለት የለበትም። ታዲያ ምን ገዛ?

ግዢው የሚጀምረው በስልክ ነው። ደዋይዋ ስምዎን ታውቃለች፤ ቁጥርዎን ከየት እንዳገኘች ግን አታውቅም። ሁለት ቤት ብቻ እንደቀረና ዋጋው ሰኞ እንደሚጨምር ትነግርዎታለች። በዓመቱ ቢደውሉም የቀሩት ሁለት ናቸው። ሰው ሁሉ እነዚያን ሁለት ቤቶች ለምን እንደዘለላቸው ገና ያልተመረመረ ጉዳይ ነው። የዋጋ ጭማሪው ግን በትክክል ሰኞ ይመጣል። በጠቅላላው ሂደት ውስጥ ቀኑን ጠብቆ የሚደርስ ነገር ይኸው ብቻ ስለሆነ በአክብሮት መዝግበነዋል።

ቦታው «ከቦሌ ኤርፖርት በ10 ደቂቃ» ነው። ይህ ልኬት የሚሠራው ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት፣ ያለ ትራፊክ መብራትና ያለ ሌላ መኪና ነው። ርቀቱ ለምን ከኤርፖርት እንደሚለካም አይገለጽም። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ታክሲ ተራው በስንት ደቂቃ እንደሚገኝ የሚናገር ማስታወቂያ አላጋጠመንም፤ ምናልባት መንደሩ የታሰበው ለመሄድ እንጂ ለመኖር አይደለም። ገዥው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዱባይ ያለ እንደሆነ ነገሩ ትርጉም ይሰጣል። እሱ ቤቱን የሚያየው በሆቴል አዳራሽ ኤክስፖ ላይ ነው፤ ቅድመ ክፍያውን በዶላር ከፍሎ እናቱ ሄደው እንዲያዩለት ይደውላል። እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ይሄዳሉ፣ ጉድጓድ ያያሉ፣ ጉድጓዱን መርቀው ይመለሳሉ። «አየሩ ደስ ይላል ልጄ» ይሉታል። ዋሽተዋል ማለት አይቻልም፤ ካዩት ውስጥ የተጠናቀቀው አየሩ ብቻ ነው።

በሳይቱ የቆርቆሮ አጥር ላይ የተለጠፈው ምስል ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። በምስሉ ውስጥ ሁልጊዜ አመሻሽ ነው፤ መብራትም አይጠፋም። ፀጉሯ የረዘመ ሴት ነጭ ውሻ በገመድ ይዛ ትሄዳለች። ልጅ ብስክሌት ይነዳል። ጀሪካን የተሸከመ የለም፣ በርበሬ ያሰጣ የለም፣ ለፋሲካ በግ የሚጎትት የለም፣ በረንዳ ላይ ከሰል የሚያያይዝ የለም። የእነዚህ ሰዎች ማንነት ሊረጋገጥ አልቻለም። ርክክብ በተፈጸመባቸው መንደሮች ብንጠይቅም አንዳቸውንም አየሁ ያለ አልተገኘም፤ ውሻውን ጨምሮ።

በእውነተኛው ሳይት ላይ ያሉት ነዋሪ አንድ ናቸው፤ ዘበኛው። በቆርቆሮ ቤታቸው ሬዲዮ እያዳመጡ ይኖራሉ። ከማንም በፊት የተረከቡ እሳቸው ናቸው፤ ቅድመ ክፍያ አልከፈሉም፣ ይልቁንም ወር በገባ ቁጥር ይከፈላቸዋል። በብሮሹሩ ላይ «ሰፊ አረንጓዴ ቦታ» የተባለውም ቃል በእሳቸው በኩል በከፊል ተፈጽሟል፤ ለመዋኛ ገንዳ በተቆፈረው ጉድጓድ ዳር ጎመንና ድንች ዘርተዋል። ክረምት ሲገባ ገንዳውም ይሞላል።

ውሉ «በ18 ወር» ይላል። ምሁራን እዚህ ላይ ቸኩለው መፍረድ የለባቸውም። አገራችን ባለ 13 ወር ናት፤ በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከልም የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ኩባንያው «በ2018 አስረክባለሁ» ሲል በእኛ ተናግሮ፣ ገዥው በፈረንጅ ሰምቶ ከሆነ፣ መዘግየት እየተባለ የሚወራው ሁሉ የጆሮ ችግር ነው።

ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያትን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1792 ጀምሮ በዝርዝር ተናግሯል። ቁጥር 1794 ደግሞ ከአቅም በላይ የማይባሉትን ይለያል፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋው መጨመሩ ምክንያት አይሆንም፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ በቀር። የአገራችን የሪል ስቴት ውል የተገነባው በዚህች «በቀር» ላይ ነው፤ ከሕንፃው መሠረት ይልቅ እሷ ጥልቅ ናት። በውሉ ሲሚንቶ ከአቅም በላይ ነው፤ ብረት ከአቅም በላይ ነው፤ ዝናብ ከአቅም በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክረምት በየዓመቱ በሰኔ ይገባል፤ ያልተጠበቀ ክስተት ሆኖ የተመዘገበው ግን በእነዚህ ውሎች ብቻ ነው። ሊፍቱስ? ሊፍቱ ጂቡቲ ነው። የትኛውም መንደር፣ በየትኛውም ዓመት፣ ሊፍቱ ጂቡቲ ነው። በዚያች ወደብ ለብዙ ዘመን ከመቆየቱ የተነሣ አፋርኛ ሳይናገር አይቀርም።

«ክፍያው በዕለቱ የዶላር ምንዛሬ ይታሰባል» የሚል አንቀጽ የፈረሙትንም አንርሳ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማታ ባለ ሦስት መኝታ ሆኖ የተኛው ገዥ በጥቂት ጊዜ ባለ አንድ መኝታ ሆኖ ተነሣ። ንብረቱ በሕግ «የማይንቀሳቀስ» ተብሎ የተመደበ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ገዥው የተዋዋለውም 120 ካሬ፣ ደረጃውንና ኮሪደሩን፣ ጂቡቲ ያለው ሊፍት የሚቆምበትን ቀዳዳ ሳይቀር ድርሻ ድርሻውን የሚጨምር ነው። ሶፋው ሳሎን አልገባ ሲል የጎደለው ካሬ ደረጃው ላይ ስለሚገኝ፣ ሶፋውን እዚያ ማስቀመጥ ይችል እንደሆነ ሰበር ሰሚ ችሎት ቢወስን መልካም ነበር።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መሬትም ቤትም ካልገዛ ምን ገዛ? መልሱ በብሮሹሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሁሉም ወደ ዋጋው ገጽ ሲቸኩል አለፈው። «የምንገነባው ቤት ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰብ ነው» ይላል። ይህ በብሮሹሩ ውስጥ ቃል በቃል የተፈጸመው ብቸኛው ዓረፍተ ነገር ነው።

ማኅበረሰቡ የሚወለደው የመጀመሪያው የይቅርታ ደብዳቤ በደረሰ ሳምንት ነው። የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። መጀመሪያ የቁጣ ዘመን ነው፤ ሁሉም በድምፅ መልእክት ይጮኻል፣ ማንም የማንንም አያዳምጥም። ቀጥሎ የፎቶ ዘመን ይመጣል። አንዱ ወደ ሥራ ሲያልፍ በመኪና መስኮት ያነሣውን ይለጥፍና «ዛሬ ሦስት ሠራተኞች አየሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሌላው «አንደኛው ዘበኛው ናቸው» ብሎ ያርመዋል። ከዚያ ኮሚቴ ይመረጣል። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ወይም የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ጸሐፊዋ ባንክ ትሠራለች፤ ገንዘብ ያዡ ማንም የማይወደው፣ ማንም ግን የማይጠረጥረው ሰው ነው።

ጉባኤው በሁለት ጎራ ይከፈላል፤ እንክሰስና እንታገስ። እንክሰስ ባዮች ጠበቃ ያውቃሉ። እንታገስ ባዮች የሥራ አስኪያጁን አማች ያውቃሉ። ክርክሩ ለሰዓታት ተካሂዶ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ብንከሰው ይከስራል፣ ከከሰረ ሜዳ ላይ ቀረን። ስለዚህ ገዥዎቹ ለኩባንያው ጤንነት ከባለ አክሲዮኖቹ የበለጠ ይጨነቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ውጭ አገር ሄደ ሲባል እንቅልፍ ያጣሉ፤ ተመለሰ ሲባል «እንኳን ደህና ገባ» ይባባላሉ። የገዛ ወንድሙ ሲመለስ እንዲህ የተደሰተ አላየንም።

ዓመታት ያልፋሉ። የአንዷ እናት ያርፋሉ፤ ኮሚቴው ግሩፑ ላይ ያሳውቅና ሃያ ሰው ድንኳን ይደርሳል። እነማን ናችሁ ሲባሉ «የአራተኛ ፎቅ ጎረቤቶቿ ነን» ይላሉ። አራተኛው ፎቅ ገና አየር ነው፤ ጉርብትናው ግን ፊኒሺንጉ አልቋል። ወርኃዊ መዋጮ ይጀመራል፤ ድስትና ድንኳን ይገዛል፤ ዕቃው ሊቀመንበሩ ቤት ይቀመጣል፣ ኪራይ ቤታቸው ማለት ነው። የብሎክ ኤ ልጅ የብሎክ ቢን ልጅ ያጫል። ሽማግሌ ተልኮ «ልጁ ቤት አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ የልጅቷ አባት ራሳቸው ይመልሳሉ፤ «አለው፤ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ነው።» አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት የላሟ ባለቤቶች ኮሚቴ ከመቋቋሙ በፊት ነው።

ለማነጻጸር በቀጠሮው የተረከቡ መንደሮችን ተመልክተናል። ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። ውጤቱ ያሳዝናል። ሰዎቹ ሊፍት ውስጥ ስልካቸውን እያዩ ይወርዳሉ። ፊት ለፊት በር ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የሚተዋወቁት መኪና በማቆሚያ ሲጣሉ ነው፣ እሱም በታርጋ ቁጥር። ለቅሶ የሚመጣ እንግዳ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። በጊዜ ማስረከብ የሚያደርሰው ማኅበራዊ ጉዳት ይህን ያህል ሆኖ ሳለ፣ የዘገየውን ኩባንያ መቅጣት ተገቢ ስለመሆኑ ከሚመለከተው አካል ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ዘግይቶም ቢሆን ርክክብ ሲመጣ አደጋው ያው ነው። ቁልፉ በሥነ ሥርዓት ይሰጣል፤ ገዥው በማግስቱ ሴራሚኩን አስፈልፍሎ ሌላ ያስነጥፋል፤ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የኅብረት ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር ይመሠረታል። በመጀመሪያው ስብሰባ የአንደኛ ፎቅ ነዋሪ «እኔ በእግሬ እወጣለሁ፣ የሊፍት አልከፍልም» ብሎ ይነሣል። ለዓመታት አብረው ያለቀሱ ሰዎች በጄኔሬተር ነዳጅ ይለያያሉ። ግሩፑ ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» መባል ይቀራል።

ገና ያልከፈላችሁ አንባቢዎች፤ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ባንክ በመያዣነት ይዞት እንደሆነ፣ የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ፎቅ እንደተሰጠ በራሳችሁ እግር ሄዳችሁ አጣሩ። ውሉን ወደ ቤት ወስዳችሁ፣ ሰኞ ካለፈ በኋላ፣ በተለይ «በቀር» የሚለውን እየፈለጋችሁ አንብቡ። የከፈላችሁ ደግሞ፤ ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የሦስት ወር መዋጮ ያላስገባችሁ ይዛችሁ ኑ።