የእንጦጦዋ ወይራ

ተረት ተረት። የላም በረት።

እንጦጦ ማርያም፣ ከቅጥሩ አጥር ውጭ፣ አንዲት ልጅ እግር ወይራ ነበረች። ግንዷ እንደ ወገኖቿ ጠመም ያለ፣ ቅርፊቷ ሻካራ ነው። ጎረቤቷ ከቅጥሩ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ጽድ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እዚያው ማርያም ዘውድ ሲጭኑ በዓይኔ አይቻለሁ ይላል፤ የሚያስተባብል እኩያ ስለሌለው ሁሉም አምኖለታል። እኩዮቹ ለቤት፣ ለአጥርና ለምድጃ አልቀዋል። እሱን ያተረፈው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው።

ያኔ ዛፎቹ የቁንጅና ፉክክር አያውቁም ነበር ብል እዋሻለሁ። ወር በገባ በ21 ምእመኑ ወደ ማርያም ሲወጣ፣ ማን ጥላ ሥር ብዙ ሰው ተቀመጠ፣ ማን ላይ ብዙ ወፍ አረፈ ይባባላሉ። ኮሶ በአበባው ይንጠባረራል። ወይራም የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በጭሷ እንደሚታጠን እያነሳች ትኮራለች፤ የኮሶን አበባ ስታይ ደግሞ ትቀናለች። ማታ ግን ጭጋግ ይወርዳል። ጭጋግ ከወረደ ማንም ማንንም አያይም፤ ፉክክሩ እስከሚቀጥለው ማርያም ተኝቶ ያድራል።

ባሕር ዛፉ ከሩቅ ነው የመጣው፤ ከአውስትራሊያ። ከተማው ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ፍልውኃ ሲወርድ የተራራው ደን ለማገዶ ተመንጥሮ ስለነበር፣ ቶሎ የሚደርስ ዛፍ ተፈልጎ ተተከለ። ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ቅርፊቱን እየጣለ የሚነጣ። እንግዳ ነውና ታየ፤ ታይቶም ተለመደ። ነገር ያበላሸው ቁራው ነው።

አንድ የአጣና ነጋዴ ቁራውን ጠርቶ፣ «ጠማማ እንጨት አይሸጥልኝም፤ ዛፉ ሁሉ ቀጥ ማለት ቢመኝ ጥሩ ነበር» አለው። አንድ ጆንያ የመስታወት ስባሪም ሰጠው። «በየዛፉ ስቀል። አፍጥጦ ላደረ ዛፍ ሁሉ አንዳንድ ቁራጭ ጮማ አለህ።» መስታወቱ ትንሽ የጎበጠ ስለሆነ ያሳየውን ሁሉ ያቀጥናል፣ ያስረዝማል። ጮማ ወዳዱ ቁራ ደግሞ ብልጥ ነው። ወይራዋ ዛሬ የትኛው ባሕር ዛፍ ላይ ዓይኗ እንደቆየ ያያል፤ በማግስቱ ስባሪውን ከዚያ ወደሚበልጥ ቀጥተኛ ያዞረዋል። ስንት ዛፍ እሷን እንዳያትም በምንቃሩ እያንኳኳ ይነግራታል። አንዳንድ ቀን ዝም ይላል። ከቆጠራው ይልቅ ያ ዝምታ ነው እንቅልፍ የሚነሳት። ጭጋጉ መውረዱን አልተወም፤ ግን ስባሪው ቅጠሏ ሥር ስለተሰቀለ፣ ከታች የሚወጣው የከተማ መብራትም ስለሚያበራው፣ ሌሊቱ ሁሉ ማርያም ሆነ።

እዚህ ላይ ተረቱን ላቋርጥ። የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ድርጅት የራሱ ተመራማሪዎች ልጃገረዶችን ጠይቀው ነበር፤ 32 በመቶዎቹ ሰውነታቸው ሲያስከፋቸው ኢንስታግራም እንደሚያብስባቸው ተናገሩ። ወረቀቱ በድርጅቱ ጓዳ ተቀምጦ ቆይቶ መስከረም 2014 ዓ.ም. ጋዜጣ ላይ ወጣ። የኔ ቁራ ቢያንስ ጥናት አላስጠናም።

ወይራዋ ወደ ጎን የሚሄዱ ቅርንጫፎቿን ማድረቅ ጀመረች። ውፍረት እንዳይመጣ ብላ የክረምቱን ውኃ ተወችው። ቀጥሎ ቅርፊቷ አስጠላት፤ ፍየል ሲያልፍ ግንዷን እያቀረበች አስጋጠችው። (ቆዳ ማንጫው ከታች ከተማ በቱቦ ይሸጣል፤ ፍየል አያስፈልገውም።) ቅርፊት ግን ከቅጠል ወደ ሥር ምግብ የሚወርድበት መንገድ ነው፤ ዙሪያውን ከተላጠ ሥር ይራባል። ነጣች፤ ቁራውም ሲያንኳኳ ዋለ። በጥቅምት ቅጠሏ ረገፈ።

ጽዱ መከረ። «እኛ በልጅነታችን መስታወት የት አውቀን! አትመልከቺው፣ አለቀ።» በግንብ ተከልሎ ላደገ ምክር ቀላል ነው። ኮሶው ቅናት ነው አለ፤ ግራሩ ጥጋብ ነው አለ። ነገሩን ያወቀችው ከሰው ወገን ነበረች፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወርድ እናት። ሸክሟን አስደግፋ ስታርፍ የተላጠውን ግንድ በመዳፏ ዳሰሰች።

«አንቺም?» አለች። «ልጄም እንዲህ ናት። ፊቷን ከስልክ አታነሳም፤ አስቀያሚ ነኝ ብላ እህል ትታለች። ጠዋት ጸበል አስጠመቅኳት፣ ሐሙስ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል ቀጠሮ አለን። አንዱን ይዤ አንዱን አልተውም።»

እበትና ጭቃ ለውሳ ቁስሉን መረገችው፤ በመቀነቷ ቅዳጅም አሰረችው። የቀረ ስስ የቅርፊት ክር ነበረና ወይራዋ አልሞተችም። ዳነች ለማለት ግን አልቸኩልም።

በዚያው ሰሞን፣ ሌሊት፣ ስታፈጥባት የከረመችው ባሕር ዛፍ በመስታወቱ ውስጥ አናገረቻት።

«እህቴ፣ እኔ እኮ አንቺን ሳይ ነው የማድረው።»

«እኔን? ምኔን?»

«ጎንሽን። ሰፋ ብለሽ ቆመሻል። እኛ ተጠጋግተን ስለተተከልን ወደ ላይ እንጂ ወደየት እናድግ? ቀጥ ያልኩት ቦታ ስላጣሁ ነው። ወፍ ጎጆ ሠርቶብኝ አያውቅም። ለአጣና ደርሳለች ሲሉም ሰምቻለሁ።»

በሦስተኛው ቀን መጥረቢያ መጣ። ባሕር ዛፏ ከነወገኗ ተቆርጣ በአህያ ወረደች። ቁራው ስባሪውን ሌላ ባሕር ዛፍ ወደሚያሳይ አቅጣጫ አዞረው፤ ለወይራዋ ግን የትኛውም ያው አጣና ሆኖ ታያት።

«አውርድልኝ» አለችው።

«ላውርድ? ዛፉ ሁሉ ጨዋታው በመስታወት ሆኗል። የምትቀሪው አንቺ ብቻ ነሽ» አላት። እዚህ ላይ አልዋሸም፤ ሌባም እውነት የሚናገርበት ቀን አለው። ስለዚህ ዛፎቹ ተሰበሰቡ። ጽዱ ሁሉም በአንድ ቀን ያውርድ አለ። ግራሩ የዘመዶቼን ወሬ በምን ልስማ አለ። ኮሶው ማውረዱን ደግፎ አበባው እስኪረግፍ ድረስ ብቻ ይቆይለት ዘንድ ለመነ። ሲጨቃጨቁ መሸ።

«የማን ይቅደም?» አለ ጽዱ።

«የኔ» አለች ወይራ።

ቁራው ወዲያው ፈታው። አልተቆጣም። ከተቆረጡት ባሕር ዛፎች ጉቶ ላይ ስንት ቀንበጥ እንደበቀለ እየቆጠረ ነበር፤ አንዷም አንገቷን አስግጋ፣ «ለኔስ መቼ ነው የምትሰቅልልኝ?» ትለዋለች።