ትንሽ ላብ ናት

ቮልስዋገን ዘይት ማንጠባጠብ ያቆመች ዕለት ዘይቷ አልቋል ማለት ነው ይላሉ ባለቤቶቿ። ላንድሮቨር የሚነዱ ሰዎችም ስለ መኪናቸው ይህንኑ ሲሉ ይሰማል፤ ማን ከማን እንደወሰደው የሚፈርድ አልተገኘም። የአባባሉ ጥቅም ግን የታወቀ ነው፤ ባለመኪናውን ጎንበስ ብሎ ከማየት ያድነዋል። ከሥር የምትታየው ጥቁር ጠብታ ጉድለት መሆኗ ቀርቶ የጤንነት ምልክት ትሆናለች። ይህም አላጽናና ካለ «ትንሽ ላብ ናት» ይባላል።

የድሮዋ ቮልስ የመጨረሻ ልጅ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት የሚወጡት ደግሞ አብዛኞቹ ከዚያ በብዙ የሚቀድሙ፣ አንዳንዶቹም ሾፌራቸውን በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። ድሮ ቢሆን አርጅታለች ተብሎ የምትሸኝ መኪና ነበረች። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ የሚጣል ነገር የለም። የሚፈሰው ሁሉ ይደፈናል፤ ካልተደፈነም ይለመዳል።

የሚገርመው ግን ቮልስ ለመርማሪ የተመቸች መኪና መሆኗ ነው። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በንፋስ ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ «ውሃ ጨረሰች» የሚል ሐሜት አይነካትም። መሪዋን የሚያዞረው የሾፌሩ ክንድ እንጂ ዘይት አይደለም። የፊት መስታወት ማጠቢያዋ እንኳ በብዙዎቹ ሞዴሎች ውሃውን የሚረጨው ከትርፍ ጎማው ንፋስ እየተበደረ ነው። የሚቀሩት ተጠርጣሪዎች አራት ናቸው፤ የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና ቤንዚን። አራት ተጠርጣሪ ብቻ ያለው ምርመራ ከምሳ በፊት ማለቅ ነበረበት።

ዓመት ይፈጃል። ነገሩ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በጥበቃው ነው። «ጋሼ፣ መኪናዋ ሌሊቱን ስታፈስ አደረች» ይላል፣ ራሱ ያገኘው ግኝት ስለሆነ በትንሽ ኩራት። ጋሼ ቁልፋቸውን ይዘው ይቆማሉ። ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሾፌር ከሩቅ ሆነው «ፓራኦሊዮ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ጎረምሳው «ጓርኒሲዮን ነው» ይላል። ሦስተኛው ሰው ካምቢዮውን ይከሳል፤ የራሱ መኪና ካምቢዮ ባለፈው ወር ስለወረደ ነው። ዳቦ ይዘው የሚያልፉ አንዲት እናት ቆም ብለው «ማታ እዚህ ሚኒባስ ቆሞ አልነበረም እንዴ?» ሲሉ ይጠይቃሉ። በዚያ ስብሰባ ላይ የቀረበው ብቸኛ ጥያቄ ይህ ነው። «እሱማ ሌላ ነው፣ እትዬ» ተብሎ ይታለፋል።

ከሱቅ አንድ ካርቶን ለምኖ፣ ዘርግቶ፣ መኪናዋን ከላዩ አቁሞ፣ ጎማዎቹ ያረፉበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ ማሳደር የሚባል ነገር አለ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ የማን ጠብታ እንደሆነና ከየትኛው ክፍል በታች እንደወደቀች ይታያል። ጣት ደግሞ የቀረውን ይናገራል። የሞተር ዘይት ጥቁር ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ሆኖ ድኝ ድኝ ይሸታል፤ የፍሬን ዘይት ውሃ ሊመስል ምንም አይቀረው፣ የመኪና ቀለም ይልጣል፣ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ከጎማው በስተውስጥ በኩል ነው። ይህን ሁሉ ጡረተኛው ሾፌር ያውቁታል። ግን ካርቶን መዘርጋት የማያውቅ ሰው ሥራ ይመስላል፤ ያወቀ ሰው በዓይኑ ብቻ ይፈርዳል።

ችግሩ ዘይት የሚፈስበትና የሚንጠባጠብበት ቦታ አንድ አለመሆኑ ነው። ከላይ ይጀምራል፣ በቡሎን ጭንቅላት ይዞራል፣ የቧንቧ ጠርዝ ይዞ ይወርዳል፣ ሲሊንደሮቹን የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ወደ ጎን ይገፋዋል፣ በመጨረሻ ከሁሉ ዝቅ ያለው ክፍል ላይ ተሰብስቦ ጠብ ይላል። ያ ክፍል የሚከሰሰው በሌላ ጥፋት ሳይሆን ዝቅ ብሎ በመገኘቱ ነው። ስለ መሥሪያ ቤት የማወራ የመሰለው አንባቢ ካለ፣ ስለ ሞተር ነው።

በቮልስ ይህ ዕጣ የሚደርሳት ከሞተሩ ሆድ ሥር ያለችው ክብ ክዳን ናት። ቮልስ እንደ ሌላው መኪና የሚቀየር የዘይት ፊሊትሮ የላትም፤ በዚህች ክዳን ላይ የተቀመጠ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው ያላት። ክዳኗ በ6 ትንንሽ ዳዶዎች ትታሰራለች። የሚፈለገው ጉልበት 7 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ የሚይዝ እጅ ይበቃዋል። እኛ ዘንድ ግን ጠብታ ያየ መካኒክ ሁሉ መፍቻውን ይዞ ይገባና አንድ ዙር ያጠብቃል። የሚቀጥለውም የፊተኛው እንዳላጠበቀ እርግጠኛ ስለሆነ አንድ ዙር ይጨምራል። ክዳኗ ትጎብጣለች፣ ጥርሱ ይበላል፣ ንጹሕ የነበረችው አሁን እውነትም ማፍሰስ ትጀምራለች። ሁሉም «ብዬ ነበር» ይላል።

እውነተኛዎቹ አፍሳሾች አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ከሲሊንደሮቹ ሥር የተዘረጉ 8 ቱቦዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በሁለቱም ጫፍ የጎማ ቀለበት አላቸው፣ ጎማው በሙቀት ብዛት እንደ ቆሎ ይደርቃል። ከዚያ የቫልቭ ክዳኖቹ አሉ። ቫልቭ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መስተካከል ስላለበት ክዳኑ የታሰረው በቡሎን ሳይሆን በአንዲት የሽቦ ማቀፊያ ነው፤ ቶሎ እንዲከፈት ተብሎ። በተከፈተ ቁጥር የቡሹ ጓርኒሲዮን መቀየር አለበት። አይቀየርም፤ ሲሊኮን ይቀባል። በሚቀጥለው ጊዜ በሲሊኮኑ ላይ ሌላ ሲሊኮን ይቀባል። ከዚያ የሚያመልጠው ዘይት የጋለው የጭስ ቧንቧና የሙቀት መስጫው ላይ ይወድቅና ሽታው በማሞቂያው በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። የተጠበሰ ዘይት እየሸተተው የሚሄድ ባለመኪና ከሞተሩ ሥር ያለችውን ክዳን ለምን እንደሚያስጠብቅ አይገባኝም። አፍንጫው አስቀድሞ ነግሮታል።

የመሙላት ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ትዝብት ነው። የሞተሩ ሙሉ መጠን 2.5 ሊትር ብቻ ነው። በመለኪያው ዘንግ ላይ ሁለት ጭረት አለ፤ በሁለቱ መካከል መሆን በቂ ነው። የሚፈስበት ሰው ግን ከላይኛው ጭረት አሳልፎ ይጨምራል፣ «ለሚፈሰው ይሁን» እያለ። ትርፉ ዘይት በውስጥ እየተናጠ መውጫ ይፈልጋል፣ ያገኛልም። ባለመኪናው በማግስቱ መሬቱን አይቶ «ባሰባት» ይላል፣ የበለጠም ይጨምራል። አንዳንዱ የበለጠ ብልህ ነው፤ ወፍራም ዘይት ይገዛል፣ «ወፍራም አያመልጥም» ብሎ። ወፍራም ዘይት ሞተሩ ጠዋት በቀዝቃዛው ሲነሳ ግፊቱን ይጨምረዋል፤ የዘይት ማቀዝቀዣውን ማኅተም ሊያስለቅቅ ይችላል። እንዲህ ተደርጎ የተገኘ አዲስ ፍሳሽ ስም የለውም፤ በድሮው ሒሳብ ላይ ይደመራል።

ጋራዥ ሲኬድ ፍርዱ ይከብዳል። «ሞተር ይውረድ»። የቮልስ ሞተር በ4 ቡሎን ተንጠልጥሎ ስለሆነ የሚኖረው መውረዱ እውነትም ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ያለ ምክንያት ይወርዳል። የቮላኖው ፓራኦሊዮ ይቀየራል። ሲወርድ ፍሪሲዮኑም ይታያል፤ ከታየ ደግሞ ይቀየራል። መሬቱ ላይ ሰጋቱራ ይበተናል። መኪናዋ ስትመለስ ጠብታዋ ቦታ እንኳ አልቀየረችም። መካኒኩ ዝቅ ብሎ ያያትና «ይቺ የድሮዋ ናት፣ እስክትጨርስ ነው» ይላል። ምን እስክትጨርስ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልምጣ። ፍሳሽ ለማግኘት ከሁሉ የሚቀድመው ሞተሩን ማጠብ ነው። ዓመታት የተጠራቀመ ጥቁር እድፍ ባለበት ሁሉም ቦታ እርጥብ ነው፤ ሁሉም ጥፋተኛ ይመስላል። ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ የሕፃን ፓውደር ነፋ ነፋ ይደረግበታል፣ ሞተሩ ይነሳና በባትሪ መብራት ከላይ ወደ ታች ይታያል። ፓውደሩ መጀመሪያ የጨቀየበት ከፍ ያለ ቦታ እሱ ነው። አለቀ።

የእኛ ባለመኪኖች ሞተር አያጥቡም እንዳይባል፣ በዓመት አንድ ጊዜ አሳምረው ያጥባሉ፤ የቦሎ ምርመራ ዋዜማ። በናፍጣ ይለቀለቃል፣ በኦሞ ይፈገፈጋል፣ ከሥር ያለው ሁሉ በጨርቅ ይወለወላል። ሞተሩ ምስክር ሊሆን በሚችልበት በዚያች ብቸኛ ጠዋት ባለመኪናው የሚጨነቀው ጠብታዋ ከየት እንደምትመጣ ሳይሆን መርማሪው ፊት እንዳትመጣ ነው። ወረፋ ላይ ሞተር አጥፍቶ ይገፋል። ሲያልፍ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ተደስቶ ይመለሳል፣ አንድ ጊዜ እንኳ ኮፋኖውን ሳይከፍት። በሳምንቱ ሁሉም ነገር ተመልሶ ጠቁሯል፤ እስከሚቀጥለው ዓመት።

አራተኛውን ተጠርጣሪ የረሳሁ እንዳይመስል። ስለ ቤንዚን ማንም ስብሰባ አይጠራም፣ ምክንያቱም መሬት ላይ እድፍ አይተውም፤ ጠብ ብሎ ይተናል። ጥበቃው የሚያሳየው፣ ጡረተኛው የሚፈርዱበት ነገር የለም። ከፊት ካለው ታንከር ተነስቶ እስከ ኋላ የሚደርሰው መስመር ጫፍ ላይ የጎማ ቱቦ አለ፤ ሲያረጅ ይሰነጣጠቃል። የቤንዚን ፓምፑ ደግሞ የተቀመጠው ብልጭታ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር አጠገብ ነው። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ያብስበታል። ጠዋት ጠዋት የቮልስን ዘይት ከበው ከሚከራከሩት ሰዎች መካከል ሲጋራ የያዘም አይጠፋም።

«ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል» ትላለች ከኋላ የተቀመጠች እህቱ።

«ቮልስ እኮ ናት፣ ሁሉም ይሸታል» ይላታል ባለመኪናው፣ መስኮቱን ትንሽ ከፈት እያደረገ። «ከዘይቷ በቀር ምንም የላትም።»